ሲሊካ ጄል ለአበባ ማድረቂያ፦ ለጽጌረዳ ግዙት፣ ለሌላው የአዳማ ንፋስ ይበቃችኋል

አበባ ማድረቂያ ተብሎ የሚሸጠው ሲሊካ ጄል ዋጋውን ያወጣል ወይ? ደንበኞቼም፣ የእጅ ሥራ የጀመሩ ጓደኞቼም ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። አጭሩን መልስ ላስቀድም። ለጽጌረዳ ያወጣል፣ ያውም በደንብ። አዳማ ለሚኖር ሰው ግን ለአብዛኛው ሌላ አበባ አያስፈልግም። ዓይናችንን በአቧራ እየሞላ የሚያስመርረን ንፋስ ያንኑ ሥራ በነጻ ይሠራዋል።

የምፈርደው ከራሴ ሥራ አንጻር ነው። የሙሽራ እቅፍ አበባ አድርቄ በፍሬም አስቀምጣለሁ፣ በሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ተቀላቅሎ እንደ ብርጭቆ ግልጽ ሆኖ በሚጠነክር ፕላስቲክ) ጉትቻና የቁልፍ መያዣ እሠራለሁ፣ ካርድ እሠራለሁ፣ በዓል ሲደርስ ሻማም አለ። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሥራ አበባው መድረቁ ብቻ አይበቃም። ቅርጹ እንዳለ መቆየት አለበት፣ ቀለሙም በሕይወት እያለ ምን እንደነበረ ማስታወስ አለበት። የምትፈልጉት ሳሎን ጥግ ላይ የሚቆም የደረቀ አበባ ብቻ ከሆነ ይህን ሁሉ ማንበብ አያስፈልጋችሁም፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት፣ አለቀ።

ሲሊካ ጄልን ሁላችሁም አይታችሁታል። አዲስ ጫማ ወይም ቦርሳ ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ የምትገኝ፣ እንዳይበላ ማስጠንቀቂያ የተጻፈባት ትንሽ ከረጢት አለች አይደል? እሷ ውስጥ ያለው ነው። በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ደረቅ ፍሬ ነው፣ ከአካባቢው እርጥበት እየሳበ እዚያው ይይዛል። እርጥበት ጠጥቶም አይቀልጥም፣ ሲነኩት ደረቅ ነው። በኪሎ የሚሸጠው በሁለት ዓይነት ይመጣል። አንዱ ድብልብል ፍሬ ነው፣ ሌላው የአሸዋ ያህል የደቀቀ። ለአበባ የሚሆነው ደቃቁ ነው። ድብልብሉ በፔታሎቹ፣ ማለትም በአበባው ስስ ቅጠሎች፣ መሃል አይገባም፣ የነካውም ቦታ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለ ምልክት ይተዋል። ሻጮች ግን ሁለቱንም አንድ ላይ አበባ ማድረቂያ ብለው ስለሚያስተዋውቁ ፎቶውን አቅርባችሁ እዩት። ድብልብሉን ገዝቼ ቤት እፈጨዋለሁ የምትሉም ተዉት። አቧራው ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ደቃቁን ስትገለብጡም ቢሆን ማስክ አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ።

አንዳንዱ ቀለም አለው። ቀለሙ ለጌጥ አይደለም፣ እርጥበት መጥገቡን የሚነግራችሁ እሱ ነው። ብርቱካናማው ሲጠግብ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ ሰማያዊው ደግሞ ወደ ሮዝ። ሰማያዊውን አልመክርም። ቀለሙን የሚሰጠው ኮባልት ክሎራይድ የሚባል ኬሚካል ነው፣ የአውሮፓ ኅብረትም ሲተነፍሱት ካንሰር ሊያመጣ ከሚችሉት ጋር መድቦታል። ልጅ ባለበት ቤት፣ በእጃችን እየዛቅን የምንሠራበት ነገር እሱ እንዲሆን አልፈልግም። ነጩ ቀለም የለውም፣ ርካሽ ነው፣ መጥገቡን ግን በዓይን አታውቁም። መላ አለው፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

አሁን ስለ መግዛቱ። እዚሁ አዳማ አንድ ሱቅ ገባሁ፣ ስሙን አልጠራም። ዕቃው አፉ በተከፈተ ማዳበሪያ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጧል። እየዛቁ በፔስታል ይመዝናሉ። የምታዩት ቀለም አረንጓዴ ነው። "ወንድሜ፣ ይሄ ብርቱካናማ አልነበረም እንዴ?" አልኩት። "እህቴ፣ ሁለቱም አንድ ነው፣ ቀለሙ ነው የሚለያየው" አለኝ። አልዋሸም እኮ፣ ዕቃው አንድ ነው! ችግሩ ከአየሩ እርጥበት ጠጥቶ ጠግቧል። የጠገበ ሲሊካ ጄል አበባ አያደርቅም፣ በዚያ ላይ የሚሸጠው በኪሎ ስለሆነ ከዕቃው ጋር ውሃ ነው መዝነው የሚሸጡላችሁ። ቤት ወስዶ በኦቨን ማድረቅ ይቻላል፣ ግን ለውሃው ለምን እከፍላለሁ? ዋጋ ቀንስ ስለው "ፊክስ ነው" አለ። ትቼው ወጣሁ።

አሁን የምገዛው አዲስ አበባ ካለች ሻጭ ነው። አየር በማያስገባ ፕላስቲክ አሽጋ በመኪና ትልክልኛለች። ለመላኪያ እከፍላለሁ፣ ቢሆንም ይሻለኛል። ብርቱካናማ ሆኖ ይደርሳል፣ ያሸገችውም እንዳለ ነው። የማልወድላት ነገር ቢኖር ደቃቁ ሲያልቅባት ሳትነግረኝ ድብልብሉን ቀላቅላ መላኳ ነው። ደውዬ ስነግራት ይቅርታ ጠይቃ ቀየረችልኝ፣ የሁለተኛውን መላኪያ ግን እኔው ነኝ የከፈልኩት። ስለዚህ ከማን ብትገዙ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የዚያኑ ቀን ዕቃ ፎቶ በእጅ ላይ ተዘርግቶ ይላክላችሁ። መጠኑም ቀለሙም ይታያል።

ዋጋውን በብር አልጽፍም፣ በየሻጩና በየጊዜው ይለያያል። ከዋጋው ይልቅ አንድ ኪሎ ምን ያህል እንደሚያሠራ ማወቅ ይጠቅማችኋል። አንድ ኪሎ ደቃቅ ሲሊካ ጄል ከአንድ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ቦታ ይሞላል። መካከለኛ ጽጌረዳ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለባት፣ ስለዚህ በአንድ ኪሎ በአንድ ዙር የሚደርቀው ሦስት ወይም አራት ጽጌረዳ ነው። የአንድ ሙሽራ እቅፍ አበባ ሃያ ጽጌረዳ ቢኖረው በአንድ ኪሎ ወር ይፈጅባችኋል። ለዚህ ነው በመጀመሪያ ግዢ ብዙ ሰው የሚናደደው፣ ኪሎ ሲባል ብዙ ይመስላል። በሌላ በኩል ግን ዕቃው አያልቅም። ጠግቦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ይሠራል። በሚገባ ከያዛችሁት ዓመታት ያገለግላችኋል። ሂሳቡን በአንድ አበባ ካሰባችሁት ውድ ነው፣ በዓመት ካሰባችሁት ርካሽ ነው።

እንዴት እንደምሠራ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ዕቃው አይሠራም የሚሉት ብዙዎቹ አበባውን በጥድፊያ የቀበሩት ናቸው። መጀመሪያ አበባውን መምረጥ ነው። የጽጌረዳ ነገር ለእኛ ቀላል ነው፣ ባቱ፣ አሁንም ብዙዎቻችን ዝዋይ የምንላት፣ ከትልልቆቹ የጽጌረዳ እርሻዎች አንዱ ያለባት ናት፣ ከእኛም ያን ያህል አትርቅም። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ብዙ አበባ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ናት፣ እኛ ደግሞ እዚሁ መንገድ ዳር ነን። ለላኪዎቹ ትልቁ ነገር የግንዱ ርዝመት ነው። ለእኛ ሥራ ግንድ ምንም አያደርግም፣ እንቆርጠዋለን። አበባ ሻጩን አጭር ግንድ ያለውን ጠይቁት፣ ረከስ ይላል። ግማሽ ድረስ የተከፈተውን ምረጡ። ሙሉ በሙሉ የፈነዳ ጽጌረዳ ሲደርቅ ፔታሉ ይረግፋል። ውጫዊዎቹን የተጎዱ ፔታሎች አንሱ። ውሃ ተረጭቶበት ከሆነ ላዩ እስኪደርቅ ጠብቁ። ሻጮቹ ትኩስ እንዲመስል ሁሌም ይረጩበታል!

ከዚያ ክዳኑ ጥብቅ ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ውሰዱ። ከሥር ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲሊካ ጄል አድርጉ፣ ጽጌረዳዋን ፊቷን ወደ ላይ አቁሟት። አሁን መቸኮል የለም። በማንኪያ ዙሪያዋን ከሥር ጀምራችሁ ሙሉ፣ ዕቃውን መታ መታ አድርጉት፣ በፔታሎቹ መሃል ይግባ፣ ደግሞ ጨምሩ። ከላይ በአንድ ጊዜ ካፈሰሳችሁ ክብደቱ ይጫናትና ጠፍጣፋ ጽጌረዳ ታወጣላችሁ። ሙሉ በሙሉ ስትሸፈን ክዳኑን ግጠሙ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉ፣ ቀኑን ጻፉበት። ለጽጌረዳ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ነው። ስስ ፔታል ላላቸው ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል። ከዚያ በላይ ከቆዩ ደርቀው ይሰባበራሉ። ስታወጡም በእጅ አትጎትቱ፣ ዕቃውን አዘንብላችሁ ጄሉን ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፣ አበባዋ ራሷ ብቅ ትላለች። የቀረውን ዱቄት ለስላሳ በሆነ የሥዕል ብሩሽ ጥረጉ።

ውጤቱስ? በቅርጽ በኩል ምንም የሚደርስበት የለም። ተሰቅሎ የደረቀ ጽጌረዳ ይኮማተራል፣ ይህኛው ግን በነበረበት መጠን ይቀራል ማለት ይቻላል። ቀለም ላይ ግን ሻጮቹ የሚያሳዩአችሁን ፎቶ ሁሉ አትመኑ። ደማቅ ቀይ ጽጌረዳ ይጠቁራል፣ አንዳንዴ ጥቁር ሊባል ምንም አይቀረው። ይህ የዕቃው ጥፋት አይደለም፣ ውሃው ሲወጣ ቀለሙ ይከማቻል። ነጩ ወደ ክሬም ይሄዳል፣ ትንሽ ጭረት ካለችበት ደግሞ እዚያ ቦታ ቡኒ ይሆናል። ቢጫ፣ ብርቱካንማና ሮዝ ግን ያስደስታሉ። ስለዚህ ሙሽሮች ሲያማክሩኝ ለማስታወሻ የሚቀመጥ ከሆነ ከቀይ ይልቅ ሮዝ ምረጡ እላለሁ። አይሰሙኝም፣ ሁሉም ቀይ ነው የሚፈልገው። ቀይ ካላችሁ ከጥቁር ቀይ ይልቅ ፈካ ያለውን።

የጠገበውን መልሶ ማድረቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በትሪ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ ዘርግታችሁ በ120 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ያህል በኦቨን ማቆየት ነው። ቀለሙ ይመለሳል። ከዚያ በላይ ሙቀት መልቀቅ ቀለሙን ያበላሸዋል። ትሪው ለዚህ ብቻ የሚሆን ይሁን፣ ዳቦ አይጋገርበት። አንዳንዶች የእንጀራ ምጣድ ላይ እናምሰው ወይ ይላሉ። ኧረ በፍጹም! ሙቀቱን መቆጣጠር አይቻልም፣ ምጣዱ ደግሞ የእንጀራ ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣትም የአዳማ ፀሐይ እንኳ ቢሆን አይበቃም፣ ይባስ ብሎ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከአየሩ እርጥበት መልሶ ይጠጣል። ነጩን ለምትጠቀሙ ደግሞ ቅድም ያልኩት መላ ይኸው፦ ከኦቨን ወጥቶ ሲቀዘቅዝ መዝኑትና ክብደቱን ዕቃው ላይ ጻፉ። እየቆየ አንድ አምስተኛ ያህል ሲጨምር ጠግቧል ማለት ነው። አንድ ኪሎ ከነበረ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ሲደርስ ወደ ኦቨን። መብራት ጠፋ ተመለሰ በሚባልበት ቀን ይህን ሥራ አትጀምሩት።

እንግዲህ ወደ ንፋሱ። አዳማ ንፋሷ ለቀልድ አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የቆሙትን ነጫጭ ማማዎች የማያውቅ የለም፤ የመጀመሪያው የንፋስ ኃይል ማመንጫ 51 ሜጋ ዋት ነው፣ ሁለተኛው 153። ያንን ያህል መብራት የሚያመነጭ ንፋስ ጥቂት አበባ ማድረቅ ያቅተዋል? በበጋው ወራት አየሩ ደረቅ ነው፣ ይነፍሳል፣ ይሞቃል። አበባ ለማድረቅ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፣ አንድ ነገር ሲጨመርበት፦ ጨለማ። ፀሐይ የሚያገኘው አበባ ፈጥኖ ይደርቃል፣ ግን ቀለሙ ይነጣል። በረንዳ ላይ የሚሰቅሉ ሰዎች አያለሁ፣ ለበርበሬ ይሁን እንጂ ለአበባ አይሆንም። መስኮቱ የሚከፈት፣ መጋረጃው የተዘጋ የዕቃ ክፍል በቂ ነው።

ምን ይሰቀላል? ስታቲስ ከሁሉ ይበልጣል፣ ትኩስ ሆኖም ወረቀት ወረቀት ስለሚል ሲደርቅ ምንም አይቀየርም፣ ሐምራዊው ቀለሙ ይቆያል። ጂፕሶፊላ (በእቅፍ አበባ መሃል የሚገባው ጥቃቅን ነጭ አበባ)፣ ላቬንደር፣ የስንዴ ዛላ፣ ልዩ ልዩ ሣር ሁሉ ይሰቀላል። ለእነዚህ ሲሊካ ጄል መጠቀም ገንዘብ ማባከን ነው፣ እውነቴን ነው። ትንንሽ እስር አድርጋችሁ ግንዱን በላስቲክ እሰሩት። በሲባጎ ካሰራችሁት ግንዱ ሲደርቅ ስለሚቀጥን ሾልኮ ይወድቃል፣ ላስቲክ ግን አብሮ ይጠብቃል። ወፍራም እስር አትሥሩ፣ መሃሉ አየር ስለማያገኝ ይሻግታል። ሁለት ሦስት ሳምንት ነው። ግንዱን ስትሰብሩት ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ከታጠፈ ይቆይ።

ይህን የምለው ለአዳማ ነው። ሐዋሳ የምትኖር ጓደኛ አለችኝ፣ እንደኔው የምትሠራ። ሁለቱም ከተሞች ከፍታቸው ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለቱም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናቸው፣ ግን የእሷ ቤት ሐይቁ አጠገብ ነው። የሰቀለችው ብዙ ጊዜ ይሻግትባታል፣ ስለዚህ ለእሷ ሲሊካ ጄል ቅንጦት አይደለም። እኛም ዘንድ ክረምት ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በንፋስ መተማመን አይቻልም። ደግነቱ ትልቁ የሠርግ ወቅት ጥር ነው፣ ከዚያ ከፋሲካ በኋላ። አበባው የሚበዛብኝ አየሩ በሚያግዘኝ ጊዜ ነው።

የሲሊካ ጄል ተፎካካሪ ግን ንፋሱ ብቻ አይደለም፣ አሸዋም አለ። አሸዋ ዋጋው ምንም ማለት ይቻላል። ደቃቁን ነፍታችሁ፣ ውሃው ጥርት እስኪል አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ አበባውን እንደ ሲሊካ ጄሉ ትቀብሩታላችሁ። አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፣ ብዙ ሰው እሱን ባለማወቅ ያበላሻል። ሲሊካ ጄል እርጥበቱን ራሱ ስለሚጠጣ ዕቃው መዘጋት አለበት። አሸዋ ግን አይጠጣም። ቅርጹን ደግፎ ይይዛል እንጂ እርጥበቱን የሚወስደው አየሩ ነው፣ ስለዚህ ዕቃው ክፍት መሆን አለበት። አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ክዳን የገጠመ ሰው አበባውን አበሰበሰው ማለት ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ አሸዋው ይከብዳል፣ ስስ አበባ ይጫናል፣ ቀለሙም በሲሊካ ጄል የደረቀውን ያህል አይፈካም። ቢሆንም ለጀማሪ፣ ለመለማመጃ፣ አሸዋ አሪፍ ነው። ጨውም ይሠራል ይባላል፣ እኔ አልወድም፣ አየሩ ሲረጥብ ጨው ራሱ ይረጥባል፣ ፔታሉ ላይም ነጭ ነገር ይተዋል። ሩዝ ደግሞ ለወጥ ይሁን።

ለካርድና ለመጽሐፍ ምልክት የሚሆነው ጠፍጣፋ አበባ ጉዳይ ሌላ ነው፣ እዚያ ሲሊካ ጄል ጭራሽ አይገባም። ከባድ መጽሐፍና ወረቀት ይበቃል። አደይ አበባ በዚህ መንገድ ቆንጆ ትሆናለች፣ ቢጫዋ ይቆያል። የምትገኘው ግን በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው፣ ስለዚህ ለዓመት የሚበቃችሁን ያኔ አድርቁ። ጠዋት ጤዛው ከለቀቀ በኋላ ልቀሟት። ቡገንቪሊያ ደግሞ አዳማ በየአጥሩ ሞልቷል። አበባ የሚመስለን ባለ ቀለሙ ክፍል ቅጠል ነው፣ እውነተኛዋ አበባ መሃሉ ላይ ያለችው ነጭ ጥቃቅን ነገር ናት። ለዚህ ነው ገና ከዛፉ ላይ እያለ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሸው። አበባውን በቀጥታ ጋዜጣ ላይ አታስቀምጡ፣ ቀለሙ ይጋባበታል። ያልተጻፈበት ወረቀት አድርጉ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወረቀቱን ቀይሩት፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት መርሳት ነው። የጎረቤትን አጥር ስትለቅሙ ግን አስፈቅዱ፣ እኔ አንዲት እትዬ አሉኝ፣ "የኔ ልጅ፣ ውሰጂ፣ ግን ከመንገዱ በኩል እንዳታራቁችብኝ" ይሉኛል።

ሬዚን ለምትሠሩ ሲሊካ ጄል ያለ ጥያቄ ይገባችኋል። ምክንያቱም ሬዚን ይቅርታ አያውቅም። ትንሽ እርጥበት የቀረበት አበባ ሬዚን ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ አምሮ ይታያል፣ ከሳምንታት በኋላ ቡኒ መሆን ይጀምራል፣ ዙሪያውን አረፋ ያወጣል። ያኔ ደንበኛዋ ገዝታ ሄዳለች። ትኩስ አበባ ሬዚን ውስጥ ከተን ሸጥን የሚሉ ቪዲዮዎች አሉ፣ ከወር በኋላ ያለውን ስለማያሳዩአችሁ አትታለሉ። ፔታሉ በጣት ሲነካ ኮሽ ማለት አለበት። የጽጌረዳ ፔታል ላዩ ደርቆ ከእንብርቱ ጋር የሚያያዝበት ቦታ እርጥብ ሊሆን ይችላል፣ እዚያ ቦታ ፈትሹ። ስስ ፔታል ሬዚን ሲነካው ግልጽ እየሆነ ቀለሙ ይጠፋል፣ ይህን ለመቀነስ አስቀድማችሁ ቀለም አልባ ቫርኒሽ ስስ አድርጋችሁ ንፉበት። አዳማ ሙቀት ስላለ የተቀላቀለ ሬዚን ፈጥኖ ይጠናባችኋል፣ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት ቀላቅሉ። ጓንትና አየር ግዴታ ነው፣ ቆዳ ላይ ደጋግሞ ሲነካ አለርጂ ያመጣል። ሻማ ላይ ደግሞ የደረቀ አበባ ወደ ክሩ አታስጠጉ፣ ይቀጣጠላል። ከውጭ ዳር ብቻ።

ለአረንጓዴ ቅጠል ሲሊካ ጄል አትግዙ፣ ግሊሰሪን ግዙ። አንድ እጅ ግሊሰሪን በሁለት እጅ ሙቅ ውሃ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ግንዱን ቀጥቅጣችሁ አቁሙት። በሁለት ሦስት ሳምንት ቅጠሉ ጠጥቶ ይለሰልሳል፣ ሲያጥፉት አይሰበርም። ቀለሙ ግን ወደ ቡኒና ወደ ወይራ ይሄዳል። ያ የማይወድ ሰው አለ፣ እኔ በፍሬም ውስጥ ከሮዝ ጽጌረዳ ጋር ሲሆን እወደዋለሁ።

የደረቀውን የምታስቀምጡት ክዳን ባለው ካርቶን ወይም ፕላስቲክ ውስጥ ነው፣ ከጫማ የተረፉ እነዚያን ትንንሽ ከረጢቶች ጣል አድርጉበት። ክፍት ከተተወ ብል ይበላዋል። ፍሬም ስትሠሩም ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ እንዳይሰቀል ለደንበኛው ንገሩት፣ በሲሊካ ጄል የደረቀም ቢሆን ፀሐይ ቀለሙን ይወስደዋል።

የሙሽራ አበባ ለሚያደርቅላችሁ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት በምን እንደሚያደርቅ ጠይቁ። ለጽጌረዳ ዘቅዝቄ እሰቅለዋለሁ ካለና ለሲሊካ ጄል ዋጋ ካስከፈለ ሌላ ፈልጉ። ግን የእናንተም ድርሻ አለ። ፎቶው እንዳለቀ ግንዱ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ከተቻለ ፍሪጅ፣ ሙዝና ማንጎ የሌለበት ፍሪጅ፣ ምክንያቱም የሚበስል ፍሬ የሚያወጣው ጋዝ አበባውን ያስረጀዋል። በማግስቱ ለሚያደርቀው ሰው ይድረስ። ለሚዜ ወይም ለእኅት አደራ ብላችሁ ስጡ፣ ሙሽራዋ ራሷ አታስታውሰውም። መልሱም ቅልቅሉም አልቆ፣ ሰው ሁሉ አርፎ፣ አበባው መኪና ኮፈን ውስጥ ሰንብቶ የሚመጣልኝ ጊዜ አለ። ለእንደዚያ ዓይነቱ ሲሊካ ጄልም እኔም ምንም አናደርግለትም።